ግድፈት

ዉጅ የሸማኔ ከተማ ናት፣ ቀይ ጡብ ለብሳ ያረጀች፣
ከፋብሪካዎቿ እኩሌታውን ለሙዚየም የሰጠች።
ዶብሮስዋቫ ግን ዛሬም ከመስኮት ሥር ተቀምጣ
የተበጠሰ ማግ ትፈልጋለች፣ ሱፉን ገልብጣ ገልብጣ።
ሃያ ዓመት ይኸው ነው፤ ሌላ ሙያ የላት፤
የነካችውን ጨርቅ ቢያዩት ጠባሳ የለበት።

እኔ ያወቅኋት በልጇ ደም ነው፣ በብልቃጥ ቁጥር፣
አራተኛ ፎቅ፣ ሌሊት፣ በማይክሮስኮፕ መነጽር።
ሕጉ ስም አያስጠይቅም፤ እኔም አልጠየቅሁ፤
ካሊና መባሏን በኋላ ነው ያወቅሁ።

አምስት ፊደል ነው የጎደለው።
ከዚያ ሁሉ መጽሐፍ አምስት ፊደል ብቻ።
ከእናት አንድ ቅጂ፣ ከአባት አንድ ቅጂ፣
ሁለቱም እኩል ጎዶሎ፣ ሁለቱም ሳያውቁት።
ቁም ጸሐፊ ቢሆን፣ ዓይኑ መሥመር ሲዘል፣
የዘለለውን ከኅዳጉ ላይ ያሰፍረው ነበር በስሱ፤
ይኸኛው ግድፈት የወደቀው ግን ከወጌሻው ስም ላይ ነው፣ ከራሱ።

ክሩ ሲበጠስ ቀድሞ ደርሶ፣
ጫፉን ከጫፉ በጣቱ ዳብሶ፣
‹እዚህ ነው፣ ኑ!› የሚል ወጌሻ ነበረ፤
እሱ ነው ግማሽ ስሙ ተቆርጦ የቀረ።

እስቲ ወደ ኋላ፤ ካሊና ገና ሳትወለድ፣
የግንደ ሕዋሱ ኑሮ ሁሉ መውጣትና መውረድ።
ወደ ላይ ይወጣል፣ መጽሐፉን ሊገለብጥ፤
ወደ ታች ይወርዳል፣ ከውሃው ዳር ለሁለት ሊቆረጥ።
ደግሞ መውጣት፣ ደግሞ መገልበጥ፣ ጊዜ የለም፤
በዚህ ጥድፊያ ክር ቢበጠስ የሚገርም አይደለም።
በሌላው ጽንስ ይጠገናል፤ ማንም አይሰማም።
በእሷ ጥሪው ዘገየ። ጠጋኙ አልመጣም።

ያን ጊዜ ሕዋሱ ምን አደረገ?
ሌሊቱን ሙሉ የማየው ይህን ነው።
የተሰበረ ጽሑፍ ለልጁ ከሚያወርስ
ራሱን አጠፋ፤
ሳይጮኽ፣ አንዱ ከአንዱ ቀጥሎ፣
ፈረቃ ሲያልቅ እንደ ፋብሪካ መብራት።

ጭንቅላቷ ያነሰው ለዚህ ነው።
በልኳ ባርኔጣ ሱቅ አይገኝም፤ እናቷ ትሠራላታለች።

ጥር ላይ ከበረዶ መንሸራተቻ ወደቀች፤ ክንዷን ተጎዳች።
‹ራጅ ትነሳ› አሉ። እናት ከበሩ ላይ ቆመች፣
ሁለት እጇን ዘርግታ እንደ ድር ተወጠረች፦
‹ለሌላው ልጅ ብርሃን ነው፤ ለእሷ መቀስ ነው።
አላስገባም።›
አሮጌው ዶክተር ክሳቬሪ መነጽሩን አወለቀ፣
ዓይኑን ጨፍኖ በጣቱ ዳበሰ፤ ስብራቱን ዐወቀ።
አልትራሳውንዱ ዘግይቶ መጣና
‹ልክ ነህ› አለው።

በማግስቱ ደም ልታሰጥ መጥታ፣ ኮሪደር ላይ ስትጠብቅ፣
የጋውኔን እጅጌ አየችው፤ ከክርኑ ላይ ተቀዷል።
‹አውልቂው› አለችኝ፣ መርፌ ከቦርሳዋ እያወጣች።
ልጅቱ ክንዷን አንጠልጥላ ወደ በሬ አንጋጠጠች፦
‹በመሣሪያው ምን ታያለሽ?›
‹አንቺን።›
‹እዚያም ትንሽ ነኝ?›

ልነግራት ፈልጌ ነበር፤ ስለሄዱት፣
ስሕተታቸውን ሳይሰጡሽ ስለሄዱት፣
የቀረሽው ስለ እነሱ ነሽ ልላት።
ስምንት ዓመቷ ነው። ‹እዚያ ሁሉም ትንሽ ነው› አልኳት።

ሌሊት እጅጌዬን ከመብራቱ ሥር ይዤ ብፈልግ ብፈልግ
ቀዳዳው የቱ ጋ እንደነበር ጠፋኝ።
ከዚያ ወደ ሥራዬ። ብልቃጥ ዐሥራ ሰባት።