ከጎን የተጠራ

ባዕታ ከወይራው ሥር፣ ከድንጋዩ ወንበር፣
የኔታ ላእከ ቃል ሲፈቱ ነበር።
«ጰራቅሊጦስ» አሉ፣ ጋቢያቸውን ስበው፣
«ይህ የጽርዕ ቃል ነው፤ ግዕዝ ያልወለደው፤
ስሙን ሳይለውጥ ባሕር ተሻገረ፣
እንደ እንግዳ ገብቶ እንደ ዘመድ ኖረ።
ናዛዚ ማለት ነው፤ አንድም መንጽሒ፤ አንድም…»
ደወል ተደወለ። ከዚያ ወዲያ ማንም
የሰማ የለም።

በማግስቱ ታመሙ፤ እኔም ወጣሁ ከደብር።
አሁን ጎንደር ፍርድ ቤት በር፣ በገጽ ሃምሳ ብር፣
ማመልከቻ እጽፋለሁ። ካርቦን ጣቴን ይዞታል።
«ለተከበረው ፍርድ ቤት» ማለት እጄ ለምዶታል።

ትናንት ከአዘዞ ይታክቱ መጣች፣
በሟች ባሏ ወንድም ከቤቷ የወጣች።
ጻፍኩላት። አነበብኩላት። ከፈለች። አልሄደችም።
«ወረቀት» አለችኝ «ከጎኔ አይቆምም።
ነገ ስሜ ሲጠራ፣ አንተን ጠርቼሃለሁ፤
ባትናገርም ቁም፤ እኔ እናገራለሁ።»

ያን ሌት አልተኛሁም። ጽርዕ የተማረ
አንድ ዲያቆን ቃሉን ፈትቶልኝ ነበረ፦
ግማሹ «ከጎን» ነው፣ ግማሹ «የተጠራ»።
ያኔ ስቄ ነበር፤
ሰዋስው ነው ብዬ፣ ደረቅ፣ የማያበራ።

ዳኛው ቀና አሉና፦ «ጠበቃ ነህ?» «አይደለሁም።»
«ዘመድ?» «አይደለሁም።»
«ታዲያ ምኗ ነህ?» አሉኝ።
«ከጎኗ የተጠራሁ።» ችሎቱ ሳቀብኝ።
መዝጋቢዋ አልሳቀችም፤
አንገቷን ደፍታ ጻፈች፤ ምን ብላ እንደጻፈችኝ
እስካሁን አላውቅም።