አባቴ ግድግዳውን ሲያንኳኳ

ከብስኩት ቆርቆሮ፣ ከዱቄቱ በታች፣
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስትሸሽግ የኖረች፣
የሰው ቀሚስ አጥብባ፣ የሰው ሱሪ አሳጥራ፣
እናቴ ኔሪና ገንዘቧን ደርድራ፣
እሑድ ከምሳ በፊት አባቴን ጠራችው፤
«አንተ በሠራኸው መርከብ እንሂድ» አለችው።

አባቴ ኤልቪዮ፣ የሞንፋልኮኔ በያጅ፣
ሠላሳ ስድስት ዓመት የብረት ወዳጅ፣
አንገቱን ፍንጣሪ እንደ ፈንጣጣ በልቶት፣
ማንኪያውን አስቀመጠ፤ ሳቅም አልመጣለት።
«ሆዱን ነው የማውቀው፣ ጉበቱን፣ አንጀቱን፤
በምን ዓይኔ ልየው ዛሬ ደግሞ ፊቱን?»

ሄድን ግን።

ትሪየስቴ ወደብ ላይ ነጭ ሆኖ ተገትሮ፣
ሰገነት በሰገነት እስከ ሰማይ ደርድሮ፣
ልጄ ቱሊዮ ቆጥሮ አሥራ አራት ላይ ደከመው፤
አባቴ ግን ቀና ብሎ አንዴ እንኳ አላየው።
ነጭ ጓንት ያጠለቀ አንድ ወጣት መጣና፣
«ሻንጣዎን፣ ጌታዬ» ብሎ ጎንበስ ቀና፤
አባቴ ጎተተ፣ ወጣቱም ጎተተ፣
ዚፑ መሐል ለመሐል በድንገት ተከፈተ።
ዳቦና ቋሊማ፣ አይብም በወረቀት፣
ቀይ ምንጣፉ ላይ ተዘረገፈበት።
እናቴ ቀላች። «ምግቡ እኮ ተከፍሎበታል!»
«ይከፈል፤ ግን» አላት፣ «ማን ነገን ያውቃል?»

ማታ፣ ሁለት ቢላ፣ ብርጭቆ እንደ ጫካ፤
የጎረቤት እጅ ሰርቀን ነው ያነሣን ሹካ።
አስተናጋጃችን ጆቬን ከሴቡ ደሴት ነው፤
አባቴ ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ ጠየቀው፤
«ከውኃው መሥመር በታች፣ በምትተኙባት፣
ያቺ ቱቦ ዛሬም ታንጠባጥባለች ሌት?»
ጆቬን ሾርባ እንደያዘ ቆመ። ከዚያ ሳቀ።
ከዚያ ወዲያ ያባቴ ሳህን ባዶነት አላወቀ።

ባሕሩ? ባሕሩማ ነበረ። ሰማያዊ ነበር።
ቱሊዮ ዶልፊን አየሁ አለ፤ ማን ይመስክር?
እናቴ ወንበር ላይ እግሯን ዘርግታ፣
ማንም ያልታዘዛት፣ ማንንም ያላዘዘች፣ ጸጥታ።

በሦስተኛው ሌሊት አባቴ ካልጋው ጠፋ።

መዋኛውን አየሁ፣ ቁማር ቤቱን አሰስኩ፤
መጨረሻ ስድስተኛው ደርብ ላይ ደረስኩ።
ባዶ ኮሪደር ውስጥ፣ ፒጃማውን ለብሶ፣
ጆሮውን ግድግዳው ላይ እንደ ሐኪም አንተርሶ፣
በጣቱ አንጓ ኳ ያደርጋል። ያዳምጣል።
«አይደለም» ይላል። ሦስት እርምጃ ይቀጥላል።

«አባዬ፣ ምን ጠፋህ?»
«ዝም በይ፣ ኦንዲና!
እዚህ ነበር። እዚህ። ከጥጉ ትንሽ ቀና፤
ከዚህ ወርቅ ቅብ ወረቀት፣ ከቀለሙ ሥር፣
ጥር ነበር፤ ብረቱ እጅ ይነክስ ነበር፤
አለቃችን ዞር ሲል ቤርቶ መብራት ያዘልኝ፤
በብየዳው ጫፍ ላይ አንድ ስም ጻፍኩኝ።»

«የማንን?» ልለው ስል፣ ነጠላ ጫማ ሰማሁ።
እናቴ፣ በመርከቡ ነጭ ጋዋን።

«አውቃለሁ» አለች።

«የቤርቶ ኮት ሰፍቶት፣ ላጥብብለት ሄጄ፣
ትከሻው መስቀያ ሆኖ፣ መርፌው በእጄ፣
ሳንባው ድንጋይ ሆኖ፣ ትንፋሽ እየለመነ፣
ነገረኝ። ያኔ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሆነ።»

አባቴ ምን ይበል? ጣቱ አየር ላይ ቀረ።
እሷ መዳፏን ወረቀቱ ላይ አኖረች፤
«አንድ ፊደል ዘሏል ብሎኛል ደግሞ» አለች።
«ብርድ ነበራ» አለ። «እጄ ደንዝዞ ነበር።»

ባልና ሚስት፣ ሽቶ ሽቶ የሚሉ፣
ከጭፈራ ሲመለሱ፣ «ጠፋችሁ?» እያሉ፣
ሊፍቱ በዚያ በኩል ነው ብለው ጠቆሙን።
አመሰገንን። ማናችንም አልተንቀሳቀስን።