የግፊት መዝገብ

ሃኮዳቴ ወደብ፣ ትራሙ ከሚዞርበት፣
ከዓሣ ገበያው ማዶ፣ በረዶ ካጠረበት፣
ጥርስ ሊያስነቅል መጣ ካፒቴን ኩራሞቶ፣
ጉንጩ ሎሚ አክሎ፣ ዓይኑ እንቅልፍ አጥቶ።

እኔ አፍ አልነካም። ክንድ ነው የኔ ድርሻ፤
እጅጌውን ሰበሰብኩ እስከ ላይ፣ እስከ ትከሻ።
«ክንዴን ምን አረግሽው? ሕመሙ ከመንጋጋ!
ወይስ ጥርሴ ሥር ሰዶ እዚህ ድረስ ተዘረጋ?»

«ደንብ ነው» አልኩት። ማሰሪያው ተነፋ፣ ጨበጠው፤
ትንፋሹን ያዘ እንደ ጠላቂ፣ ባሕር እንደዋጠው።
«ይተንፍሱ!»
ቁጥሩ ወጣ፣ ወጣ፣ ቆመ፦
መቶ ዘጠና ስምንት በመቶ ዐሥራ ሁለት።

ዕረፍት ሰጥቼ ቆየሁ፤ በሌላው ክንድ ደገምኩ።
ሁለት ብቻ ቀነሰ። አንገቴን ደፍቼ ጻፍኩ።
ዶክተር ሂሮሴ አየችው፤ ጉጠቷን መለሰች፤
«ዛሬስ አይሆንም፤ ደሙ አይቆምልንም» አለች።

ጥርሱን ነክሶ ሊችለው ቃጣ፤
ያ ጥርስ ግን አይነከስም።

«አርባ ዓመት ስኩዊድ አጥምጃለሁ፣ በመብራት፣ በሌሊት፤
የአየሩን ግፊት አይቼ ነው የወጣሁት፣ የገባሁት።
ግፊት ሲወርድ ነው ማዕበል፤ ሲወጣ ባሕሩ ይተኛል።
የኔ ሲወጣ፣ ልጄ፣ በየት አገር ሕግ ያስፈራል?»

መልስ አልነበረኝም። ማሰሪያውን ፈታሁ፤
ቆዳው ላይ የገመድ የሚመስል ቀይ መስመር አየሁ።
«ክኒን ይወስዳሉ?»
«ክኒኑ መሳቢያ ውስጥ ነው። መሳቢያው የሚስቴ ነው።
ከሞተች አልከፈትኩትም።»

በሦስተኛው ሳምንት ተመለሰ፣ እብጠቱ ጎድሎ፣
አሮጌ የመርከብ መዝገብ በብብቱ ታቅፎ፤
ጨው በልቶታል ሽፋኑን።
ባዶ በቀሩት ገጾች ላይ ጽፏል የየቀኑን፦

ሰኞ። ሰሜን ነፋስ። መቶ ሰማንያ በመቶ አራት።
ረቡዕ። በረዶ። ጀልባ አልወጣም። መቶ ሰማንያ ሁለት።
ሐሙስ። ጭጋግ። መሳቢያውን ከፈትኩ። አልለካሁም።
ዓርብ። ጭጋግ። መነጽሯም እዚያው ነበር።

ገጽ ገለጥኩ።
እሑድ። ፀሐይ። መቶ አርባ ስምንት በሰማንያ ስምንት።
አላመንኩም። ደገምኩ። ያው ነው።

እኔም ለካሁት። ያው ነው።
ዶክተሯ ጓንቷን አጠለቀች፤
ጥርሱ እንደ ወደብ ግንድ አቃስቶ ተነቀለ።

አፉን ጥጥ ሞልቶታል፣ መናገር አይችልም።
እስክሪብቶዬን በእጁ ለመነ፤ ጻፈ፦
ማክሰኞ። ነፋስ የለም። አንድ ጥርስ።

ከዚያ ቀና ብሎ አየኝና
በጣቱ ክንዴን ጠቆመ፣
ቀጥሎ ባዶውን መስመር።