የአንድ ቃል ሰሌዳ

ራምላ ገበያ፣ ከሩቤን የኮምጣጤ በርሜል አጠገብ፣
ሁለት ክንድ በሦስት፣ ለአንድ ሰው የሚጠብ
ሱቅ ነበረው አባቴ። ከበሩ በላይ ግን ረዥም ሰሌዳ አለ፣
በእኔ የልጅ እጅ በዕብራይስጥ የተሳለ፦
«ቁልፍ ይቀረጻል። ጫማ ይሰፋል። ጃንጥላ ይጠገናል።
ሱሪ ይታጠፋል። ሰዓት፣ ሻንጣ፣ ስልክ፣ ዚፕ፣ ሁሉም ይሠራል።»

«ሁሉም» የሚለው ቃል ሁሉን አላመጣም፤
አላፊው ያነባል፣ አንብቦ አይገባም።
ጫማው የተቀደደ ወደ ቡኻራው አቭነር ይሄዳል፤
ቁልፉ የጠፋበት ከባቡር ጣቢያው ደጅ ይቆማል፤
ስልክ የሰበረ ልጅ፣ ስልክ ብቻ ከሚያውቀው ጎረምሳ ይገባል፤
በእኛ በር ነፋስ ይመላለሳል።

አንድ ረቡዕ ከሰዓት፣
ከኤላት የመጣ ጠላቂ፣ ጨው የበላው ፊት፣
ጥቁር የጎማ ልብሱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ፤
«አራት ከተማ ዞርኩ፤ ይህን ዚፕ የሚያውቅ ሰው በስንት ዋጋ?»
አባቴ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ
ጥርሶቹን በጣቱ ቆጠረ፣ እንደ ሐኪም ዝም ብሎ።
ሁለት መቶ አሥር ጥርስ፤ አንዷ ናት የታመመች፤
በሽቦ ጫፍ ነካት፤ ጎረቤቷን አወቀች።
ጠላቂው የከፈለው የሰባት ሱሪ ዋጋ ነው፤
አባቴ ገንዘቡን አይደለም፣ ሰሌዳውን ነው ያየው።

በዚያው ሳምንት ማታ መሰላል አስያዘኝ፤
«ጃንጥላን አጥፊው» አለኝ።
ነጭ ቀለም ቀባሁበት። በፋሲካ ሰሞን ሰዓትና ስልክ ሄደ፤
ክረምት ሲገባ ጫማ። ሱሪ ላይ ስደርስ እጄ ከበደ፤
ሱሪ ጉርሳችን ነበር። እናቴ ያልጋነሽ
«ኪራይ በዚፕ ልትከፍሉ? ሰሌዳ አጥፊዋ፣ አንቺስ ነገ ምን ልትበዪ ነሽ?»
ብላ ሦስት ቀን ዘጋችን። እውነት ነበራት፤
የዚያን ወር መብራት ሩቤን ነው የከፈለው፣ ከኮምጣጤው ሽያጭ ቆርሶላት።
አባቴ ግን፣ «ሁለት ያባረረ አንዱንም አልያዘ፤ እኔ አሥር ሳባርር
አሥራ አንድ ዓመት ሮጥኩ፣ ከዚህች በር ሳልሻገር።»

ከዚያ ወሬው እግር አወጣ።
ከገሊላ የንብ አንቢ ልብስ፣ ከበረሃ ድንኳን መጣ፤
ከሎድ አንዲት ሙሽራ፣ ሠርጓ ሊጀመር ሁለት ሰዓት ሲቀረው፣
ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች፤ ሾፌሩ ደጅ ላይ ጥሩምባ ሲነፋ ነው።
አቭነር ቦት ጫማ ይልክልናል፣ ዚፑ የተሰበረውን፤
እኛ ለአቭነር እንልካለን፣ ሶሉ የተገነጠለውን።
ሰው መመለስ ሰው እንደሚያመጣ
ማን ነግሮኝ ያውቃል!

አንድ ቀን ከሐዴራ አንዲት ሴት ገባች። የወታደር ሻንጣ፣ ከነአቧራው።
«አትጠግንልኝ» አለች። «ሳትቀድ ክፈትልኝ። አራት ዓመቱ ነው፣ ልጄ ከዘጋው።»
አባቴ ሬዲዮውን አጠፋ። ሰም ቀባ። ጥርስ በጥርስ፣
አንድ ሰዓት ሙሉ፣ የተኛ ሰው እንዳይቀሰቅስ
እንደሚራመድ። ተከፈተ። ውስጡን አላየንም፤
ፊታችንን አዞርን። ስለ ዋጋ አልተነሣም።
ያን ምሽት «ሻንጣ»ን፣ «ቁልፍ»ን፣ «ሁሉም»ን
ራሱ ወጥቶ አጠፋ፤ እኔ ያዝኩ መሰላሉን።

አሁን ሰሌዳው ነጭ ነው፤ ከዳሩ አንድ ቃል፣
«ሮክሳን»፣ በእኛ አፍ ዚፕ፣ ተጽፏል።
በሐምሌ ፀሐይ ቀለሙ ሲሳሳ የድሮው «ጃንጥላ» ከሥር ብቅ ይላል፤
አንዳንድ ሰው አንብቦ ጃንጥላ ይዞ ይገባል።
አባቴ ይስቅና ይመልሰዋል።
(ዝናብ ከሆነ ግን ይጠግንለታል።)

እኔ ክሊኒክ አስተረጉማለሁ፣ የሠርግ ጥሪ እጽፋለሁ፣
ለጎረቤት ቅጽ እሞላለሁ፤
የእኔ ሰሌዳ ገና ረዥም ነው።
ትናንት ማታ ይህን ስጽፍ በትከሻዬ በኩል አጮለቀና
«ገጠመልሽ?» አለ።
«አንዷ ጥርስ እንቢ አለች» አልኩት። መነጽሩን ከግንባሩ ወደ ዓይኑ ሳበና
መብራቱን ወደ ወረቀቱ አቀረበ።