የሃያ ሰባት ኢንች ጨርቅ

ኤድመንተን፣ ጥር ወር፤ ከዜሮ በታች ሠላሳ፤
መኪናዬ እንደ ጉንፋናም ስታስል፣ ስታገሳ፣
እኔና ትርሲት ወጣን። አሥራ አራት ነው ዕድሜዋ።
ከኅዳር ጀምሮ በረዶ ዝቃ ከየጎረቤቱ ደጃፍ፣
ሁለት መቶ አሥር ዶላር አጠራቅማለች በካልሲዋ።
የጎደለውን እኔ ልሞላ፣
ምርጫው ግን የሷ ሊሆን፣ ተስማምተን ነው የመጣን።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱሪ ማሳጠር፣ ዚፕ መቀየር፤
ሠላሳ ዓመት ከመርፌ ጋር ስማከር፣ ስከራከር።
ጨርቅ አውቃለሁ። በጨለማ፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት፣
ጥጡን ከናይሎን እለያለሁ፣ ሳልዘረጋው፣ ሳላይ ጥለት።
ስለ ስክሪን ግን ብጠየቅ፣
ያበራል፣ ዓይን ያደርቃል፤ ከዚህ ወዲያ አንድም አላውቅ።

ሱቁ ውስጥ ግድግዳው ሁሉ አንድ ዓይነት ባሕር ያሳያል፤
አንዱ ዓሣ አርባ ቦታ በአንድ ጊዜ ይዋኛል።
ሻጩ መጣ፤ ሃርጂንደር። ሰማያዊ ጥምጣሙ
እጥፍ በእጥፍ የተስተካከለ፤ ደስ አለኝ ሰላምታው፣ ስሙ።
ከዚያ ግን ቁጥር በቁጥር ላይ ከመረ፦
ኸርዝ፣ ሚሊ ሰከንድ፣ ፎር ኬ፣
እኔም እንደ ገባው ሰው ዝም ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ።

ትርሲት ክንዴን ያዘችኝ።
«አባዬ፣ ጨርቅ ነው በቃ። ድር አለው፣ ማግ አለው።
ሦስት ሺህ ስምንት መቶ አርባ ክር በድሩ፣
ሁለት ሺህ መቶ ስልሳ በማጉ፤ ይኸው ነው ምስጢሩ።
ክሩ ሲበዛ ነው ሽመናው የማይታይ፤
ያኛው ርካሹ ግን ወንፊት ነው፤ ጠጋ በልና እይ።»
ጠጋ አልኩ፣ አፍንጫዬ መስታወቱን እስኪነካ።
እውነቷን ነው ለካ።

ሃርጂንደር ወደ ውዱ መራን፣ ስምንት መቶ ወደ ተጻፈበት፦
«ሁለት መቶ አርባ ኸርዝ ነው፤ ዓይን አይደርስበትም በፍጥነት።»
ልጄ ሳቀች። «የኔ ኮንሶል መቶ ሃያ ነው ጉልበቱ፤
ቀሪውን ማን ሊለብሰው ነው?» አለችው ፊት ለፊቱ።
ልቤ ሞላ።
ስንቱን ሙሽራ አይቻለሁ፣ ስድስት ክንድ ለሚበቃው ገላ
አሥር ክንድ አስቆርጦ፣
ትርፉን መሬት ለመሬት ሲጎትት፣ ጫፉን ራሱ ረግጦ።

ጥግ ላይ፣ ከምንጣፍ መጥረጊያዎች ጎን፣ ተመላሽ ዕቃ ተደርድሮ፤
አንዱ ሃያ ሰባት ኢንች፣ ሣጥኑ ተቀዶ በፕላስተር ታስሮ፤
ፎር ኬ፤ ፍጥነቱም ለኮንሶሏ የሚበቃ፤
ዋጋው በቀይ ተሰርዞ፣ እንደገና ተሰርዞ።
«ምን ጎድሎት ነው?» አልኩ።
ሃርጂንደር ድምፁን ዝቅ አደረገ፦
«አንድ ነጥብ። ሞታለች፣ አትበራም። ከላይ፣ በስተቀኝ።»

አንዲት ነጥብ፣ ከስምንት ሚሊዮን!
መነጽሬን ወለወልኩ። ዓይኔን አጠበብሁ።
ጨርቅ ቢሆን፣ አንድ ክር ቢሳብበት፣
እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር ለደንበኛ ሰጥቼበት።
እሷ ግን ዋጋውን አንብባ፣ «ሁለት መቶ ሰባ?
ስልሳውን ካንተ፤ ታክሱም ባንተ፣ አባ።»

ማታ ከስፌት መኪናዬ ጎን ተከልነው።
ገመዱ ገባ። ጥቁር። ከዚያ ከተማ፣ ዝናብ፣
በዝናቡ ውስጥ መብራት፣
በመብራቱ ሥር አንድ ሰው፣ ረጅም ኮት የደረበ።
«የእጅጌው ስፌት ተዛንፏል» አልኩ።
«አባዬ፣ ሰውየው እየሞተ ነው!»

ነጥቧን ፈለግኋት። በዝናቡ የለችም፣ በሌሊቱም የለችም።
በረዶ ሜዳ ላይ ሲደርሱ ብቻ፣ ከላይ፣ በስተቀኝ፣
እንደ ሩቅ ቁራ፣ የማትበር።
ከታችኛው ፎቅ ካማል እየተኮሰ ይሳደባል፤
ወለሉ ሥር ሳቁ ይሰማኛል።
ጨዋታው አለቀ። ትርሲት ጆሮ ማዳመጫዋን ወረወረች፦
«በአንድ ነጥብ! በአንድ ነጥብ ብቻ ጎደለኝ!»
እኔ ጣቴን ወደ ላይ፣ ወደ ቀኝ ቀሰርኩ፤
«የት እንዳለች እኔ አውቃለሁ።»

አልሳቀችም።
«እንደገና» አለችው ካማልን፣
እኔም የሰው ሱሪ አንሥቼ
ክር ለማስገባት ወደ ስክሪኑ ብርሃን ተጠጋሁ።