አየሩ እንዴት ነው?

ደብረ ብርሃን፣ ከብርድ ልብሱ ፋብሪካ ጀርባ፣
አሥር ሳምንት ሙሉ፣ ጧት በሁለት ሰዓት ስንገባ፣
አንድ ጠመኔ ነበረኝ፣ አንድ ሰሌዳ፣ አንድ ቋንቋ፤
ሁለት ተማሪ፦ ኦወን፣ ጉበኑን በግንባሩ የሚያንኳኳ፣
ኬይኮ፣ ስህተቷን ራሷ በቀይ የምታሰምር፣
እኔ ሳላየው፣ እኔ ሳልናገር።

አንድ ዓይነት ሻንጣ ሰጧቸው፣ አንድ ዓይነት ሹራብና አጎበር፣
አንድ ዓይነት የመድኃኒት ሣጥን፣ ክዳኑ የሚያስቸግር።
እኔም አንድ ዓይነት አማርኛ፦
«አየሩ እንዴት ነው?»
«ደህና ነው።»
መጽሐፉ ላይ ሌላ መልስ አልነበረም፤
እኔም ከመጽሐፉ አልወጣሁም።

ጣርማ በር ላይ፣ ጉም በዋጠው መንገድ፣
ሹፌሩ ተክለየስ ቆመ፤ ኦወን ወረደ፣ ወደ መንዝ ሊሄድ።
ኬይኮ ዋሻውን አልፋ፣
ቁልቁል፣ ቁልቁል፣ ጆሮዋ እስኪደፈን፣
ሸዋ ሮቢት ደረሰች እጅጌዋን አጥፋ።

ኅዳር ላይ ከመሐል ሜዳ፦
«መምህር፣ ውኃው በጀሪካን ድንጋይ ሆኖ አገኘሁ፤
እትዬ አስካለ ባና አለበሱኝ፤ በግ በግ እሸታለሁ።
ግማሹ ተማሪ አጨዳ ነው፣ ለቀረው አስተምራለሁ።
ማታ ነፋስ ነው የሚያናግረኝ፤ ሰው ግን ለቅሶ ቤት ብቻ፣
ስለዚህ ለቅሶ አይቀርብኝም፤ የማላውቀውም ቢሆን ሟቹ።»

በዚያው ሳምንት ከቆላው፦
«መምህር፣ አጎበሬ ውስጥ የጎረቤት ልጆች ያድራሉ፤
እናታቸው ሐሊማ ብላኛለች፤ ሌሎቹም ‹ሐሊማ› ይላሉ።
ጤና ጣቢያው ደጅ ወባ የያዘው ሰው እስከ አስፋልት ተሰልፏል።
ሽንኩርት፣ ማንጎ፣ ምክር፣ ሁሉም ይሰጠኛል፤
በሬን ስዘጋ ‹ታመመች› ብሎ ሰፈሩ ያንኳኳል።
‹ብቻዬን ልሁን› በአማርኛ ምን ይባላል?
ይህን አላስተማሩኝም።»

ለፋሲካ እኔ ቤት ተገናኙ።
«አንቺ እኮ መብራት አለሽ» አላት።
«አንተ እኮ እንቅልፍ አለህ» አለችው።
እሱ የመንዝ ሽማግሌ ሆኗል፣ ነገሩን በተረት ይቋጫል፤
እሷ እንደ ሽንኩርት ነጋዴ፤ ግማሹን አፏ፣ ግማሹን እጇ ይናገራል።
ከአማርኛ ወደ አማርኛ ስተረጉም ወጡ ቀዘቀዘ።
ኋላም ወደ እኔ ዞሩ፦
«መምህር፣ እውነተኛው የቱ ነው? የማንኛችን ነው አገሩ?»

ምን ልበል? ሃምሳ ስምንት ዓመቴ፤
መሐል ሜዳ አድሬ አላውቅም፤
ሸዋ ሮቢትንም በመስኮት ነው ያየኋት፣ አውቶብሱ ለሎሚ ሲቆም።

ሲለያዩ ሻንጣ ፈቱ። የእሱ አጎበር ከነማሸጊያው ነበረ፤
የእሷ ሹራብ እንደታጠፈ። ተለዋወጡ።
ሹራቡ ኦወን ክርን ላይ ደርሶ ቀረ፤
አላወለቀውም።

ሰኞ አዲሶቹ ገቡ፤ አራት ናቸው።
ጥያቄውን ጻፍሁ። ከጥያቄው ሥር ባዶ ተውሁ።
የፊተኛው እጁን አወጣ፦ «ደህና ነው?»
«እንጃ» አልሁት፤ «ስትደርስ ጻፍልኝ።»