ረጋ በይ

ደሴ፣ ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣ ጦሳ ጭጋጉን ሳያወልቅ፣
ወረቀቴን በጠጠር ጭኜ ደንበኛ ስጠብቅ፣
መጣች።
ሸዋ በር ልብስ ሰፊ ናት፤ ሉባባ ትባላለች፤
ሜትሯን ካንገቷ ሳታወርድ በርጩማው ጫፍ ላይ አረፈች።

«ጻፍልኝ።»
«በማን ላይ?»
«በፖሊስ ላይ» አለችኝ፤
ብዕሬ ሸሸ፣ ዓይኗ ግን አልሸሸኝ።

የዛሬ አሥራ አራት ዓመት፣ ሐምሌ፣ ዝናቡ ሲወርድ፣
ከኮምቦልቻ ስትመለስ፣ ሐረጎ ኬላ ላይ፣
«መታወቂያ!» ብሎ አወረዳት።
ሌሎቹን ማታውኑ ለቀቀ፤ እሷን አሳደራት።
መዝገብ ቤት በሚሉት ክፍል፣ በማኅደር ክምር መሀል፣
ቁልፉን ከውስጥ ሲያዞር፣ ስትጮኽ፣ የነገራት አንድ ቃል፦
«ረጋ በይ።»

ከዚያ ያለውን አልነገረችኝም።
ሜትሯን ጠቀለለች፣ ፈታች፣ ጠቀለለች፤
እኔም አልጠየቅኋትም።

ያኔ ለማን ትክሰስ?
አቤት የሚባልበት በር እሱ የሚጠብቀው በር፣
ቃል የሚቀበለው እጅ ቁልፉን ያዞረው ነበር።
እናቷ «ሰው አይስማ» አለች፤ ሰው አልሰማም።
አገባች፣ ፈታች፣ ዝም አለች፤ ዝምታው ግን አልረጋም።
ዛሬም ሐረጎን ስታልፍ የመኪናውን መጋረጃ ትስባለች፤
ለሚጠይቃት «ፀሐይ ነው» ትላለች፣
በዚያ ሁሉ ጭጋግ።

አሁን እኔ ልናገር፣ የገዛ ወረቀቴ ይመስክርብኝ፦
ይህን ቃል የማውቀው እየሸጥኩት ነው።
ለተከሳሽ ጽፌያለሁ፣ ስንት ጊዜ፣ በገጽ አምሳ ብር፣
«ክሱ በይርጋ የታገደ ስለሆነ ውድቅ ይደረግልን።»
እጄ ሳላዘው ይጽፋታል፣ ያቺን መስመር።

«ሁለት ዓመት ነበረሽ» አልኳት። «አለፈ።»
«ምን ይባላል?»
«ይርጋ።»
ሳቀች። አጥሩ ላይ የነበረው ቁራ ተነሣ።
«እሱም ያለኝ ይህንኑ ነው።»

ይርጋ!
ወተት ነው የሚረጋ፣ ጥግ ሲያስቀምጡት፣
አተላ ነው የሚረጋ፣ ጋን ሥር ሲተውት።
ደምም ይረጋል፤ የረጋ ደም ግን
ሕመም ነው እንጂ ጤና አይደለም፣ ሐኪም ጠይቁ።
«የወጋ ቢረሳ» ብለን ስንተርት ኖረን
ሕጉን ስንጽፍ ከወጊው ጋር ረሳን።

እሱ? ጡረታ ወጥቷል፣ ገራዶ ቤት ሠርቷል።
እነዚያን አሥራ አራት ዓመታት መንግሥት አንድ ባንድ ቆጥሮለታል፣
በእርከን፣ በማዕረግ።
ያው ዓመት ነው፣ ያው ሐምሌ፤
ለሱ ሲሆን አገልግሎት፣
ለሷ ሲሆን መዘግየት።

ሉባባ ሜትሯን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው።
«ቀሚስ ሲያጥር» አለች፣ «እጥፉን እፈታለሁ፤
ልጅቱ ታድጋለች ብዬ ከታች ትርፍ እተዋለሁ።
ሕጋችሁ እጥፍ የለውም ወይ?»

መሳቢያዬ ውስጥ አንድ አቤቱታ ነበር፣ ለምክር ቤት የሚሄድ፤
«ዘመኑ ይርዘም፤ ድርጊቱ ከተፈጸመበት ሳይሆን
ተበዳይዋ መናገር ከቻለችበት ቀን ይቆጠር» የሚል።
አርባ ሦስት ፊርማ፣ አሥራ አንዱ የጣት አሻራ፤
የኔ ግን የለበትም፣ ደንበኛ ይሸሻል ብዬ ስፈራ።
እሷ ፈረመች። ብዕሩን ወደኔ ገፋችው።
ፈረምኩ።

«አሁን የኔን ጻፍ።»
«ይወድቃል እኮ።»
«ይውደቅ። ሲወድቅ ድምፁ ይሰማ፣
ቁጥር ይውጣለት፣ መዝገብ ቤት ይግባ፤
እኔም መዝገብ ቤት ገብቻለሁ።»

ወረቀቱን አስተካከልኩ። «ከሳሽ» ብዬ ጻፍኩ። «ተከሳሽ» ላይ ስደርስ
ሠላሳ ዓመት ያልሳተ እጄ ይንቀጠቀጥ ጀመር።
ሜትሯን አንሥታ ወረቀቱ ላይ ጫነችልኝ፣ ነፋስ እንዳይወስደው፤
«ረጋ በል» አለችኝ፣
«ስሙ በፀሐዩ ፀ ነው።»